ኬፕ ሄንሎፐን በብስክሌት፦ የጥንዶች የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት ይታቀዳል

ዲሲና አካባቢዋ የሚኖር አበሻ «ባሕር እንሂድ» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ኦሽን ሲቲ ነው። ኦሽን ሲቲ ለልጆችና ለብዙ ሰው ጥሩ ነው። ለባልና ሚስት ወይም ለእጮኛሞች ቀን ከሆነ ግን እኔ የምመክረው ዴላዌር ያለውን ኬፕ ሄንሎፐን ስቴት ፓርክን ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። አብዛኛው የብስክሌት መንገድ ከመኪና የተለየ ነው። በአንድ ዙር ውቅያኖስ፣ ረግረግ፣ የጥድ ጫካ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምሽግና ሁለት የባሕር ዳር ከተሞች ታያላችሁ። ዙሩ 15 ማይል ገደማ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው አይከብድም።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ብትከተሉት ቀኑ ያምራል። ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

1. ቀኑን ምረጡ

ከሁሉ የሚበልጠው ጊዜ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያለው ነው። የሰመሩ ማብቂያ የሚባለው የሌበር ዴይ በዓል ስላለፈ ሕዝቡ ተበትኗል፣ ውኃው ግን ሰመሩን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ ገና አልቀዘቀዘም። ሁለተኛው ምርጫ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን አጋማሽ ነው። ያኔ ውኃው ለዋና ይቀዘቅዛል፤ ለብስክሌት ግን አየሩ ልክ ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ሙቀቱ ያደክማል፣ ረግረጉ አጠገብ ደግሞ የሚናከስ ዝንብ አለ። ከሄዳችሁም ጠዋት ጠዋት ንዱ።

ከሳምንቱ ቀናት ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ዕረፍት ማግኘት ከቻላችሁ እሱን ያዙ። ቅዳሜ የግድ ከሆነ በጣም ማልዶ መነሳት ነው። ጾም የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ከጾሙ ውጪ አድርጉት። ውኃ ሳይቀምሱ በኦገስት ፀሐይ 15 ማይል መንዳት ጤና አይደለም።

የነፋሱንም ትንበያ እዩ። እዚህ አገር ሰው ዝናቡን ብቻ ነው የሚያየው፤ ባሕር ዳር ግን ቀኑን የሚወስነው ነፋስ ነው። ከ15 ማይል በሰዓት በላይ ከሆነ ለጀማሪ ከባድ ነውና ለሌላ ቀን አሳድሩት።

2. አንዳችሁ መንዳት የማትችሉ ከሆነ

ይህን ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ብዙ ጥንዶች የሚቀሩት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያደገ ሰው ብስክሌት ላይ ነው ያደገው። አዲስ አበባ ዳገት ላይ ያደገ፣ በተለይ ሴት ልጅ ከሆነች፣ ዕድሉን ሳታገኝ ትቀራለች። አርባ ዓመት ሞልቶም ቢሆን ይለመዳል። ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ሚዛንና ፔዳል በአንድ ጊዜ አይለመዱም። ስለዚህ መጀመሪያ ፔዳሎቹን ፍቱ። 15 ቁጥር መፍቻ ይበቃል። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ የግራው ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን ካላወቃችሁ ስትታገሉ ትውላላችሁ፣ ጥርሱም ይበላል።

ቀጥሎ ኮርቻውን ዝቅ አድርጉ። የሚማረው ሰው ተቀምጦ ሁለት እግሩ ሙሉ በሙሉ መሬት መርገጥ አለበት። ባዶ ፓርኪንግ ፈልጉ፤ የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ በሥራ ቀን ጥሩ ነው። ተማሪው በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይሂድ። መጀመሪያ በአጭር በአጭሩ፣ ቀጥሎ ረዘም እያደረገ። ዓይን ሩቅ ነው ማየት ያለበት፤ ጎማውን የሚያይ ሰው ይወድቃል። ሁለት እግሩን አንስቶ አሥር ሰከንድ ያህል መንሳፈፍ ከቻለ ሚዛኑን አግኝቷል ማለት ነው። ያኔ ፔዳሎቹን መልሳችሁ እሰሩ። ፔዳል መምታቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ከዚያ ፍሬን፣ ከዚያ መታጠፍ፣ በመጨረሻ አንድ እጅን ከመሪው ማንሳት።

አስተማሪው መሪውን አይያዝ። መሪ ከተያዘ ተማሪው ሚዛኑን መቼም አያገኝም። ድምፅ ከፍ ማድረግም አይረዳም። የትዳር ጓደኛን ማስተማር ትዕግሥት ይፈልጋል፤ መጨቃጨቅ ከተጀመረ አቁሙትና ሌላ ሰው ያስተምር። ዋባ የሚባለው የዋሽንግተን አካባቢ ብስክሌተኞች ማኅበር ለአዋቂ ጀማሪዎች ትምህርት ይሰጣል፤ እኔ ይህን ከማንም በላይ እመርጣለሁ።

ከጉዞው በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ረዘም ያለ መንገድ ንዱ። ከጆርጅታውን ወደ ቤተስዳ የሚወስደው ካፒታል ክሬሰንት ለዚህ ይመቻል። ደርሶ መልስ አሥር ማይል ካለፋችሁ የኬፕ ሄንሎፐን ዙር ይከብደናል ብላችሁ አትስጉ።

ጊዜ ከሌላችሁስ? ለሁለት የሚነዳ ብስክሌት፣ ታንደም የሚሉት፣ መከራየት ይቻላል። የሚችለው ፊት፣ የማይችለው ኋላ ይቀመጣል። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ከፓርኩ አጠገብ ባሉት ሁለት ከተሞች፣ ሉዊስ ወይም ሪሆቦት፣ ላሉት የብስክሌት አከራዮች ደውላችሁ አስይዙ።

3. ብስክሌቱና ዕቃው

ጎማው መካከለኛ ወፍራም ይሁን። ከመንገዱ ብዙው የተፈጨ ጠጠር ነው፤ የሬስ ብስክሌት ቀጭን ጎማ ይንሸራተታል። ከመነሳታችሁ ማታ ሁለቱንም ብስክሌቶች ፈትሹ። ፍሬኑ ይይዛል? ካቴናው ዘይት አለው? ጎማው ነፋስ ይዟል? ለእያንዳንዱ ብስክሌት በልኩ አንድ ትርፍ ካላማደሪያ፣ ጎማ ማውለቂያና ትንሽ መንፊያ ያዙ።

ኮርቻው እግር ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በትንሹ ብቻ የሚታጠፍበት ከፍታ ላይ ይሁን። ለመማር ዝቅ ያደረጋችሁትን ከፍ ማድረግ አትርሱ። ጉልበት አመመኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሎበት ነው።

ልብሱ ቀለል ያለ ይሁን። ጂንስ ስፌቱ ያቆስላል። ሰፊ ሱሪ ከሆነ የቀኙን እግር በላስቲክ እሰሩት። ረጅም ቀሚስ ካቴና ውስጥ ይገባል። ፎቶ ለመነሳት የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የምትፈልጉ ከሆነ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ አድርጉትና አሸዋው ላይ ልበሱት። ነጠላ አንገት ላይ ጠምጥሞ መንዳት በጣም አደገኛ ነው። ሄልሜት ዴላዌር ውስጥ በሕግ የሚያስገድደው ከ18 ዓመት በታች ያለውን ነው። እናንተም አድርጉ።

ለምግብ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝና ብርቱካን ይበቃል። እንጀራ ፍርፍር ቋጥሮ መሄድ ደስ ይላል፤ ግን እሱን መኪና ውስጥ አይስ ቦክስ አድርጋችሁ ለመጨረሻ አቆዩት። ውኃ ለአንድ ሰው ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ። የፀሐይ ቅባት፣ የትንኝ መከላከያ፣ ፎጣ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ጠንካራ ቁልፍ። ይኸው ነው።

4. ከቤት ወደ ፓርኩ

ከዲሲ 120 ማይል አካባቢ ነው። አውራ ጎዳና 50ን ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ቤይ ብሪጅን ተሻግራችሁ በ404 ወደ ጆርጅታውን ዴላዌር፣ ከዚያ በ9 ወደ ሉዊስ። ስሙ ከእኛው ጆርጅታውን ጋር አንድ ስለሆነ ጂፒኤስ ላይ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ድልድዩ ከአራት ማይል በላይ ይረዝማል፣ ከፍ ያለም ነው። መንዳት የሚያስፈራው ሰው ካለ ሌላኛው መሪውን ይያዝ። ክፍያው ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ብቻ ነው፤ ኢዚፓስ ያለው ቅናሽ ያገኛል።

ጠዋት 5 ሰዓት ተነሱ። ሰመር ላይ ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩ ጋ የሚፈጠረው ሰልፍ አንድ ሰዓት ሊበላ ይችላል። ፓርኩ 8 ሰዓት ላይ ይከፈታል። በሰመር ዊክኤንድ የባሕር ዳሩ ፓርኪንግ ከረፋዱ ጀምሮ ይሞላል። ከማርች እስከ ኖቬምበር መጨረሻ በመኪና የመግቢያ ክፍያ አለ፤ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ታርጋ ከዴላዌሩ የበለጠ ይከፍላል።

ሲሳይድ ኔቸር ሴንተር ከሚባለው ቤት አጠገብ አቁሙ። ካርታ ከዚያ ውሰዱ፣ የዕለቱን ሁኔታ ጠይቁ፣ መጸዳጃ ተጠቀሙ።

5. ዙሩን ንዱ

አቅጣጫው ላይ አስቡበት። ሰመር ላይ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከደቡብ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጉልበት እያለ በባሕሩ በኩል ወደ ደቡብ ወደ ሪሆቦት መሄድ፣ ሲደክም ነፋሱን ከኋላ አድርጎ በጫካው በኩል መመለስ ይሻላል። ትንበያው የሰሜን ነፋስ ካለ ዙሩን ገልብጡት።

አንድ ሕግ ከጅምሩ ተስማሙ፤ ቀስ የሚለው ፊት ይሁን። ፈጣኑ ፊት ከሆነ የኋላው ቀኑን ሙሉ ሲያሳድድ ይውላል፣ የሚታየውንም ሳያይ ይመለሳል። ቀስ የሚለው ፊት ሲሆን ፍጥነቱ የሁለታችሁም ይሆናል። ሰፊና ባዶ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ሂዱ፤ ሰው ሲመጣ በቀኝ በኩል በሰልፍ። ሌላ ሰው ስታልፉ በግራ፣ ደወል ደውላችሁ።

መጀመሪያ ፎርት ማይልስ ጋ ቁሙ። አሜሪካ በ1941 የዴላዌርን ባሕረ ሰላጤና የፊላደልፊያን የወደብ መግቢያ ለመጠበቅ የገነባችው ምሽግ ነው። የአሸዋ ኮረብታ የሚመስለው ነገር ውስጡ ኮንክሪት ነው። ውጪ ከተደረደሩት መድፎች ትልቁን ፈልጉ፤ ሚዙሪ ከተባለው የጦር መርከብ የወረደ ባለ 16 ኢንች አፈሙዝ ነው። ጃፓን በሴፕቴምበር 1945 እጅ መስጠቷን የፈረመችው እዚያ መርከብ ላይ ነበር። ጀርመን ከተሸነፈች በኋላ ደግሞ ዩ-858 የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በሜይ 1945 እጁን ሰጥቶ የመጣው ወደዚሁ ወደ ኬፕ ሄንሎፐን ነው።

እዚያው አካባቢ ሰባተኛው ማማ አለ። ወታደሮች መርከብ የሚጠብቁበት ክብ የኮንክሪት ማማ ሲሆን በጠመዝማዛ ደረጃ ይወጣል። ውጡ። ከላይ ሆናችሁ ወደ ሰሜን ስትመለከቱ አሸዋው ምላስ ሆኖ ባሕሩ ውስጥ ሲገባ ታያላችሁ። ከሱ ባሻገር የማዕበል መከላከያው ድንጋይና ሁለት የባሕር ፋኖሶች አሉ። ድሮ በዳርቻው ላይ የነበረው የኬፕ ሄንሎፐን የድንጋይ ፋኖስ ዛሬ የለም፤ ነፋስና ማዕበል ሥሩ ያለውን አሸዋ ቀስ በቀስ ወስደው በ1926 ባሕር ውስጥ ወደቀ። ግሬት ዱን የሚባለው የአሸዋ ኮረብታም 80 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ በቅርብ ይታያል። ከተከለለው መንገድ ወጥታችሁ አትውጡበት፤ አሸዋውን ይዞ ያቆመው ሣር በእግር ይሞታል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሄሪንግ ፖይንት ንዱ። ውቅያኖሱን ከከፍታ የምታዩበት ቦታ ነው፤ ፎቶ እዚህ ተነሱ። የጎርደንስ ፖንድ መንገድ የሚጀምረውም እዚሁ ነው። ርዝመቱ ከ3 ማይል ትንሽ ያልፋል፤ የዙሩ ምርጥ ክፍል ይህ ነው። መጀመሪያ ጫካ፣ ቀጥሎ ረግረጉን በላዩ የሚያሻግር ግማሽ ማይል ገደማ የእንጨት ድልድይ፣ ከዚያ ኩሬው። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ያንሸራትታል፤ ፍሬን በድንገት አትያዙ። ድልድዩ ላይ ሁለት ብስክሌት ጎን ለጎን ከሄደ ከፊት የሚመጣው መግቢያ ያጣል።

እዚህ አትቸኩሉ። ረግረጉ ውስጥ ረጅም ግንድ ላይ የተሠራ ሳንቃ ካያችሁ አናቱ ላይ የጭራሮ ክምር ይኖራል። የኦስፕሬይ ጎጆ ነው፤ ከሞላ ጎደል ዓሣ ብቻ የምታድን ትልቅ አሞራ ናት። ዓሣውን ስትሸከም ጭንቅላቱን ወደፊት አድርጋ ነው የምትበረው፤ ነፋስ እንዳይዛት። ነጭ ሳቢሳም በኩሬው ዳር አይጠፋም። ትንሽ ባይኖኩላር ከያዛችሁ እየተቀባበላችሁ እዩ።

የመንገዱ ደቡብ ጫፍ ላይ ፓርኪንግ፣ መጸዳጃና ወደ አሸዋው መውጫ አለ። ሌሎች ሁለት የጦር ማማዎች አሸዋው ዳር ቆመዋል። ብስክሌት አሸዋ ላይ አትንዱ፤ ይሰምጣል፣ ካቴናውም ይበላሻል።

ከዚያ በጸጥተኛ መንደር መንገድ ወደ ሪሆቦት ቢች። ምሳ እዚህ ነው። ሰመር ላይ ቦርድዎክ በሚባለው የባሕር ዳር የእንጨት መንሸራሸሪያ ላይ ብስክሌት የሚፈቀደው ማለዳ ብቻ፣ እስከ ጠዋቱ 10 ሰዓት ድረስ ነው። እናንተ ከዚያ በኋላ ስለምትደርሱ ሁለቱን ብስክሌቶች አንድ ላይ ቆልፋችሁ በእግር ተንሸራሸሩ። በጨውና በኮምጣጤ የሚበላ የተጠበሰ ድንች የአካባቢው ልማድ ነው፤ ሥጋና ቅቤ ለማይበላም ይሆናል። የባሕር አሞራዎቹ ከእጅ ስለሚነጥቁ ዕቃውን በእጃችሁ ሸፍኑት።

ከምሳ በኋላ አንዳችሁ ከደከማችሁ በግልጽ ተናገሩ። አንዱ ቡና ይዞ ይቀመጥ፣ ሌላው ሄዶ መኪናውን ያምጣ። ዳርት የሚባለው የስቴቱ አውቶቡስም ፊቱ ላይ የብስክሌት ማስቀመጫ አለው። ተከፍቶ ከመጨረስ ይህ በብዙ ይሻላል።

መመለሻው ጀንክሽን ኤንድ ብሬክወተር ነው። ሪሆቦት አቬኑ ላይ ካናሉን ተሻግራችሁ ምልክቱን ተከተሉ። ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ 6 ማይል ያህል መንገድ ነው፤ ባቡር ዳገት ስለማይወድ ለጥ ያለ ነው። ጥላ አለው፣ የእርሻ ማሳ አለው፣ ረግረግ የሚያሻግር አሮጌ የባቡር ድልድይም አለው። ከመንገዱ ወደ አውትሌት ሱቆቹ የሚያስገባ ቅርንጫፍ ታያላችሁ። ዴላዌር የሽያጭ ታክስ ስለሌለው ያጓጓል። በብስክሌት ፌስታል አንጠልጥሎ መንዳት ግን አይሆንም፤ ጫማ መግዛት ካለባችሁ ወደ ቤት ስትመለሱ በመኪና ግቡ።

መንገዱ ሉዊስ ያወጣችኋል። ደች ሰፋሪዎች በ1631 የመሠረቱት ቦታ ነው፤ መንገዶቹ ጠባብ፣ ቤቶቹ አሮጌና የሚያምሩ ናቸው። ጉልበት ካላችሁ አንድ ዙር ዙሩት። ከዚያ ካናሉን አልፋችሁ በፌሪው መነሻ በኩል ወደ ፓርኩ ተመለሱ። እዚህ ላይ የመኪና መንገድ ዳር ስለምትነዱ በሰልፍ ሁኑ።

6. ውኃው ጋ

አሁን ብስክሌቱን መኪናው ላይ እሰሩና ዋናው የባሕር ዳርቻ ውረዱ። ሻወርና ልብስ መቀየሪያ አለ። ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፤ ስለዚህ ጠባቂ ያለበት ቦታና ሰዓት ብቻ ግቡ። ጠባቂዎች ያሉት ከሜሞሪያል ዴይ (የሜይ መጨረሻ) እስከ ሌበር ዴይ ነው፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ከሄዳችሁ ጠባቂ ስለማይኖር ዋና የማይችል አይግባ። የዴላዌር ማዕበል የሚሰበረው ዳር ላይ፣ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ነው። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ለፎቶ አትቁሙ፤ ሰው አንገቱን የሚጎዳው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሜይና ጁን ከሆነ በባሕረ ሰላጤው በኩል ያለውን ዳርቻም እዩ። ሆርስሹ ክራብ የሚባለው ፍጥረት እንቁላሉን ለመጣል በተለይ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ማታ ማታ ይወጣል። የብረት ቆብ የመሰለ ቡናማ ሽፋንና እንደ መርፌ የሾለ ጅራት አለው። ጅራቱ አይናደፍም፤ የሚገለበጥበት መሣሪያው ነው። በጀርባው ወድቆ እግሩን ሲያንፈራግጥ ካገኛችሁት የሽፋኑን ጎን ይዛችሁ ገልብጡት እንጂ ጅራቱን አትጎትቱ። ደሙ ሰማያዊ ነው፤ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ከባክቴሪያ መርዝ ንጹሕ መሆናቸውን ለመመርመር ይጠቀሙበታል። ሬድ ኖት የተባሉት ወፎችም ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ወደ አርክቲክ ሲበሩ ይህን እንቁላል ለመብላት እዚህ ያርፋሉ።

ከማርች ጀምሮ እስከ ሰመሩ ማብቂያ የአሸዋው ጫፍ በገመድ ይታጠራል። አሸዋ ላይ የምትፈለፍል ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል ትንሽ ወፍ ስላለች ነው። እንቁላሉ ከአሸዋው ጋር አንድ መልክ ስላለው ሳታዩት ትረግጡታላችሁ። ገመዱን አትለፉ።

7. ከመመለሳችሁ በፊትና ቤት ስትገቡ

ፍርፍሩን ብሉ፣ ቡና ጠጡ። ቤይ ብሪጅን በጨለማ መንዳት ካልፈለጋችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ተነሱ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ዲሲ የሚመለሰው መኪና ብዙ ነው፤ ያን ቀን ከሆነ ወይ ቀድማችሁ ውጡ፣ ወይ እራት በልታችሁ ሰልፉ ይቅለል።

ጫካውና ሣሩ መዥገር አለው፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ቤት ስትገቡ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ወገብ፣ የፀጉር ሥር። ከተገኘ ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ብስክሌቶቹን ደግሞ ሳታሳድሩ በንጹሕ ውኃ እጠቡ፤ ጨው ካቴና ያዝጋል። አድርቃችሁ ዘይት ቀቡና አስገቧቸው።